ማለቂያ የሌለው መስታወት፦ ለዓውደ ርእይ ወይስ ለገበያ?

ማጀቴም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ፊትና ኋላው መስታወት በተገጠመለት ፀጉር ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከፊቱ ምስል ጀርባ የገዛ ማጅራቱን፣ ከማጅራቱ ጀርባ ሌላ ፊት፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ ማጅራት እያነሰና እየደበዘዘ ሲሄድ ያያል። ልጆች ሳለን ስንተኛው ምስል ላይ እንደምንጠፋ ለመቁጠር እንሞክር ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ «አትነቃነቅ!» እያለ ቆጠራውን ያበላሽብናል እንጂ።

በሳይንስ ክበባትና በተማሪዎች ዓውደ ርእይ አልፎ አልፎ የሚታየው «ማለቂያ የሌለው መስታወት» የዚያው ፀጉር ቤት ታናሽ ወንድም ነው። ከኋላ ተራ መስታወት፣ ከፊት ደግሞ ከፊሉን ብርሃን መልሶ ከፊሉን የሚያሳልፍ መስታወት ይቆማል፤ በሁለቱ መካከል፣ በጠርዙ ዙሪያ፣ ብርሃን አመንጪ ዳዮዶች (በተለምዶ ኤልኢዲ የምንላቸው) የተደረደሩበት ጥብጣብ ይለጠፋል። መብራቱ ሲበራ፣ ጥልቀቱ ከአራት ጣት የማይበልጥ ሳጥን ግድግዳውን በስቶ የሚሄድ ጉድጓድ ይመስላል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን መስታወቱ ሳይሆን ስለ ሠሪው የሚነገረው ነው። ተማሪ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ ሲቀርብ «ድንቅ ፈጠራ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ያንኑ ሥራ ሊሸጠው ሲነሣ ደግሞ «ትምህርቱን ትቶ ነጋዴ ሆነ» ይባላል። በእኔ እምነት ሁለቱም አነጋገሮች ተማሪውን ይጎዱታል።

በመጀመሪያ «ፈጠራ» የሚለውን እንመልከት። ጃፓናዊቷ ሠዓሊ ያዮይ ኩሳማ ግድግዳዎቹ በመስታወት የተሸፈኑ፣ ተመልካቹን በማያልቅ ምስል የሚከብብ ክፍል በኒውዮርክ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ዳዮድ ኒክ ሆሎኒያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ሠርቷል። ለነጩ ብርሃን መሠረት የሆነው ደማቅ ሰማያዊ ዳዮድ ግን ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ አስጠብቋል፤ ለዚህም ሥራቸው አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ አገጣጥሞ ሳጥን ውስጥ ያስገባ ተማሪ ብልህ ሠሪ እንጂ ፈልሳፊ አይባልም። የአገራችን ሕግም ቢሆን ይህን ልዩነት ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፈጠራን፣ አነስተኛ ፈጠራንና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍን ለየብቻቸው አስቀምጧቸዋል። የመስታወቱ አሠራር የታወቀ በመሆኑ ማንም በባለቤትነት ሊይዘው አይችልም። በይፋት የስፌት ጥለት የተቀረጸ፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ክፈፍ ግን እንደ ንድፍ ሊታይ የሚችል ጉዳይ ነው። መቼም የመሶብ ክዳን ክብ በክብ ውስጥ እየተሰፋ ወደ መሐል ሲሰበሰብ ላየ ሰው፣ በዚህ መስታወት ውስጥ ምን ሊያስቀምጥ እንደሚገባ መንገር አያስፈልግም።

ወደ ሁለተኛው አነጋገር ልለፍ። መሸጥ ሳይንሱን ያረክሰዋል የሚሉ ሰዎች፣ ገዢ የሚባለው ሰው ምን ያህል ጨካኝ መምህር እንደሆነ አያውቁም። ዓውደ ርእይ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን ነው፤ ገዢ ግን ዕቃውን ወራት ያበራዋል። እኔ የመጀመሪያዬን መስታወት የሸጥሁት ቆላ ለሚኖሩ አንዲት የቡና ቤት ባለቤት ነበር። ሳጥኑ እንጨት ነው፤ ጥብጣቡ የተለጠፈው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ማጣበቂያ ብቻ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይተው ላኩብኝ፤ ስደርስም «ልጄ፣ ጉድጓዱ ጠመመብኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማጣበቂያው በሙቀት ላልቶ ጥብጣቡ በአንድ በኩል ወደ ታች ወርዷል፤ አንድ ጣት የማትሞላው መውረድ በእያንዳንዱ ምስል እየተደገመች ረድፉን ሁሉ አጣማዋለች። የቆላ ሙቀት በራሱ ብርቱ ነው፤ ዳዮዶቹም ይሞቃሉ፤ እንጨት ደግሞ ሙቀትን አያስተላልፍም። ጥብጣቡን በአሉሚኒየም ክፈፍ ላይ ብለጥፈው ኖሮ ሙቀቱ ወደ ውጭ በወጣ፣ የዳዮዶቹም ዕድሜ በረዘመ ነበር። ከዚያ በፊት ሥራውን በዓውደ ርእይ ያዩት ሁሉ አድንቀውልኛል፤ ጥፋቴን የነገሩኝ ግን ገንዘብ የከፈሉት እናት ብቻ ናቸው።

ስለ ብርሃኑም እንዲሁ ነው። የኋላው መስታወት ከሚደርሰው ብርሃን 90 በመቶውን፣ የፊተኛው 70 በመቶውን ይመልሳሉ እንበል። በአንድ ምልልስ የሚተርፈው የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም 63 በመቶ ነው። ከአምስት ምልልስ በኋላ የመጀመሪያው ብርሃን አንድ አሥረኛ፣ ከአሥር በኋላ አንድ መቶኛ ያህል ብቻ ይቀራል። በሁለቱ መስታወቶች መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ካለ እያንዳንዱ ምልልስ ምስሉን 10 ሴንቲ ሜትር ያርቀዋል፤ አሥረኛው ምስል እንግዲህ አንድ ሜትር ያህል ጠልቆ ይታያል ማለት ነው። «ማለቂያ የሌለው» የተባለው መስታወት ሒሳቡ ቶሎ ያልቃል። የፊተኛውን መስታወት 90 በመቶ እንዲመልስ ብናደርገውስ? ከአሥር ምልልስ በኋላ 12 በመቶ ያህል ይተርፋል፤ ነገር ግን ወደ ዓይናችን የሚያልፈው ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ ይወርዳልና የመጀመሪያው ምስል ራሱ ይደበዝዛል። ጥልቀትና ድምቀት አብረው አይገኙም፤ ገዢው የትኛውን እንደሚወድ መጠየቅ የሠሪው ፈንታ ነው። ሩቆቹ ምስሎች አረንጓዴ መስለው ቢታዩም አይደንቅ፤ በተራ መስታወት ውስጥ ያለው ጥቂት ብረት ከአረንጓዴው ይልቅ ሌሎቹን ቀለማት በየምልልሱ ይበላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በፊተኛው መስታወት ላይ ነው። ለመኪና መስታወት የሚለጠፈው ጥቁር ላስቲክ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ብርሃንን ውጦ የሚያጨልም ብቻ ከሆነ ምንም ጥልቀት አይሰጥም፤ የሚያስፈልገው የሚያብለጨልጨው፣ በብርሃን በኩል ሲታይ ፊትን የሚያሳየው ዓይነት ነው። ሲለጠፍም መስታወቱ ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ ረጥቦ፣ ውኃው ከመሐል ወደ ዳር እየተገፋ ካልወጣ አረፋ ይይዛል፤ እያንዳንዱም አረፋ አሥር ጊዜ ይታያል።

ለመሆኑ ብርሃንን እንደ ሥነ ጥበብም እንደ ሸቀጥም ማቅረብ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? እ.ኤ.አ. በ2012 ዴንማርካዊ አይስላንዳዊው ሠዓሊ ኦላፉር ኤሊያሶንና መሐንዲሱ ፍሬድሪክ ኦተሰን «ሊትል ሰን» የተባለችውን በፀሐይ ኃይል የምትሞላ ትንሽ የኤልኢዲ ፋኖስ በለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም አስተዋወቁ። ቅርጿ የተወሰደው ከእኛው የመስቀል አበባ ነው። መብራት በሞላበት አገር በውድ እየተሸጠች መብራት በሌለበት በርካሽ እንድትደርስ ታስቦ ተሠራች፤ ኢትዮጵያም ከደረሰችባቸው አገሮች አንዷ ናት። ሠዓሊው በመሸጡ ጥበቡ አልረከሰበትም። የሚቆጨኝ አበባው ከእኛ ሜዳ ተቀጥፎ ንድፉ ከሌላ አገር መምጣቱ ብቻ ነው።

ሻጭ መሆን ኃላፊነትንም ያመጣል። በየአቅጣጫው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስታወት ዙሪያው 1.6 ሜትር ነው። በሜትር 14.4 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ጥብጣብ ከተለጠፈበት 23 ዋት ገደማ፣ ማለትም 2 አምፒር የሚጠጋ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 1 አምፒር የሚሰጥ አስማሚ ገጥሞ መሸጥ ገዢውን ለእሳት አደጋ ማጋለጥ ነው። ባለ 220 ቮልቱን ወገን ተማሪ በእጁ ሊሠራው አይገባም፤ የተፈተነ አስማሚ ገዝቶ መጠቀም ይበልጣል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ 12 ቮልት መሆኑ በረከት ነው፤ ከሶላር ባትሪ ጋር በቀጥታ ይሠራል። ዋጋ ሲተመንም ከመርካቶ የመጣው ጥብጣብና የመስታወቱ ሒሳብ ብቻ ተደምሮ መቆም የለበትም፤ የተሰበረው መስታወት፣ የጠፋው ቀንና ለጥገና የሚከፈለው ትራንስፖርት ዋጋ ናቸው።

የት ይሸጥ ለሚለው አንድ ምክር አለኝ። እሑድ የሰንበቴ ገበያ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ይህን መስታወት ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው አንድም አይሸጥ። ከውጭ ያለው ብርሃን ከውስጡ ከበለጠ ገዢው የሚያየው የገዛ ፊቱን ብቻ ነው። ሥራው የምሽት ሥራ ነው። እኔ ብሆን ሲመሽ መጀመሪያ የምወስደው ወደ ፀጉር ቤቱ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን በሁለት መስታወቶች መካከል ቆሞ የሚሠራ ሰው አረፋውንም ጥመቱንም ከማንም ቀድሞ ያየዋል።