የአሠልጣኝ ዋጋ በምን ይለካል?

የስፖርት ነገር በተነሣ ቍጥር ጓደኞቼ አስቀድመው የሚጠይቁት «ማን አሸነፈ?» ብለው ነው። ብዙዎቹ ወላጆች ደግሞ «ኳስ ምን እንጀራ ይሆናል?» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ጐደሎ መስለው ስለሚታዩኝ፣ የአንድ አሜሪካዊ አሠልጣኝ የሥራ ዘመን ምሳሌ አድርጌ አሳቤን ለአንባቢያን ለመግለጽ እወዳለሁ። እኒህ ሰው ኤዲ ሮቢንሰን ይባላሉ። በሉዊዚያና ግዛት በሚገኘው በግራምብሊንግ ኮሌጅ፣ ማለት በኋላ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ትምህርት ቤት፣ ከ1941 እስከ 1997 ድረስ የፉትቦል ዋና አሠልጣኝ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፉትቦል ስል እኛ የምንጫወተውን የእግር ኳስ ማለቴ አይደለም። አሜሪካኖች በዚህ ስም የሚጠሩት፣ በየወገኑ 11 ሰዎች ተሰልፈው እንደ እንቁላል የሞለለች ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡና እየወረወሩ ወደ ባላጋራቸው ወሰን መጨረሻ ለማድረስ የሚታገሉበትን ጨዋታ ነው። በኮሌጆቻቸው ዘንድ ይህ ጨዋታ እጅግ የተከበረ ስለሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሳይታወቅ የዋና አሠልጣኙ ስም በአገሩ ሁሉ ይጠራል።

ሚስተር ሮቢንሰን በ1919 ጃክሰን በምትባል የሉዊዚያና ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያለሙ ጢሰኛ ነበሩ፤ እናታቸውም በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ልጃቸው ግን ተምረው በ1941 ከሌላንድ ኮሌጅ ተመረቁ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ስለነበር፣ ለተማረ ጥቁር ወጣት የሚከፈተው በር ጠባብ ነበር። ስለዚህ ዲግሪያቸውን ይዘው በአንድ የከብት መኖ ወፍጮ ቤት በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈላቸው ሠሩ። በዚያው ዓመት ግራምብሊንግ ሲቀጥራቸው ዕድሜያቸው 22 ዓመት፣ ደመወዛቸውም በወር 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር።

ለዚህች ደመወዝ የሠሩት ሥራ ያስደንቃል። የሜዳውን ሣር የሚያጭዱ፣ መስመሩን የሚያሰምሩ፣ የተጫዋቾችን ቁርጭምጭሚት የሚጠቀልሉ፣ ጨዋታው ሲያልቅም ወሬውን ጽፈው ለጋዜጦች የሚልኩ እርሳቸው ነበሩ። ወደ ሌላ ከተማ ሲጓዙ በመንገድ ላይ ጥቁሮችን የሚያስተናግድ ምግብ ቤት እንደልብ ስለማይገኝ፣ ለተጫዋቾቻቸው ሳንድዊች አዘጋጅተው ይዘው ይሄዱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 3 ጊዜ አሸንፈው 5 ጊዜ ተሸነፉ። በሁለተኛው ዓመት ግን 9 ጨዋታ ተጫውተው ዘጠኙንም አሸነፉ፤ ያን ዓመት ሙሉ አንድም ነጥብ አልተቈጠረባቸውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የሥራ ዘመናቸው በ1997 ሲያበቃ 408 ጊዜ አሸንፈው፣ 165 ጊዜ ተሸንፈው፣ 15 ጊዜ እኩል ወጥተው ነበር። በመካከሉም በ1985 የታወቁት የአላባማው አሠልጣኝ ቤር ብራያንት ትተውት የሄዱትን የ323 ድል ክብረ ወሰን አልፈዋል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዶች «ብራያንት ያሸነፉት ታላላቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ ሮቢንሰን ግን ያሸነፉት ትንንሽ የጥቁሮች ኮሌጆችን ነው» እያሉ ነቀፉ። እኔ ይህን ነቀፋ ፍርደ ገምድል እለዋለሁ። ለብዙ ዓመታት በደቡብ የነበሩት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ከጥቁሮች ኮሌጅ ጋር አይጋጠሙም ነበር። በሩን ዘግቶ ያስቀረ ሰው፣ በውጭ የቀረውን «ለምን አልገባህም?» ብሎ ሊወቅሰው አይገባም።

ደግሞስ ተጫዋቾቹ ደካሞች ነበሩን? በ1949 ፖል ያንገር የተባለው የግራምብሊንግ ተጫዋች ሎስ አንጀለስ ራምስ ወደሚባለው የባለሙያዎች ቡድን ሲገባ፣ ከጥቁሮች ኮሌጅ ወጥቶ በዚያ ማኅበር ለመጫወት የመጀመሪያው ነበር። እርሱ ቢወድቅ በሩ ለሌሎችም ይዘጋ እንደነበር የታወቀ ነው፤ እርሱ ግን አልወደቀም። ከእርሱ በኋላ ከ200 የሚበልጡ የሚስተር ሮቢንሰን ልጆች የባለሙያ ተጫዋቾች ለመሆን በቁ። በዚያን ጊዜ ጥቁር ሰው ቡድኑን በአሳብ የሚመራውን ኳስ አከፋፋይ ለመሆን አይበቃም የሚል ክፉ እምነት ነበር። በ1988 ግን የግራምብሊንጉ ዳግ ዊልያምስ በዚህ ቦታ ተሰልፎ የዋሽንግተንን ቡድን እየመራ በአገሪቱ ታላቅ የፍጻሜ ግጥሚያ ዴንቨርን 42 ለ10 አሸነፈ፤ የዕለቱም ኮከብ ተባለ።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን የደወሉ ነገር ነው። ሚስተር ሮቢንሰን በማለዳ ተነሥተው ተጫዋቾቹ በሚያድሩበት ቤት ውስጥ ደወል እየደወሉ ይዞሩ ነበር። የሚቀሰቅሷቸው ለልምምድ አልነበረም፤ ቁርሳቸውን በልተው ወደ ክፍል እንዲገቡ ነበር እንጂ። በእጃቸው ካለፉት ወጣቶች አብዛኞቹ በኳስ እንጀራ እንደማይበሉ ያውቁ ነበርና፣ እነዚያም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን እንዳይወጡ ይጠነቀቁላቸው ነበር። «ኳስ ምን እንጀራ ይሆናል?» ለሚሉት ወላጆች ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

የመጨረሻው ዘመናቸው ግን ያሳዝናል። ታላላቆቹ የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ለጥቁር ተጫዋቾች በራቸውን ከከፈቱ በኋላ፣ ቀድሞ ወደ ግራምብሊንግ ይመጡ የነበሩት ጐበዞች ወደዚያ መሄድ ጀመሩ። በ1996 ቡድኑ 3 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 8 ጊዜ ሲሸነፍ፣ ሽማግሌው ሥራቸውን እንዲለቁ ግፊት ተደረገባቸው፤ ብዙ ሰው ስለ ተቈጣ አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። በ1997ም ውጤቱ ያው 3 ድልና 8 ሽንፈት ሆነ፤ በዚሁ ተሰናበቱ። ከ10 ዓመት በኋላም በ2007 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ።

በርግጥ ሰው መውጫውን ማወቅ አለበት፤ ምናልባት እርሳቸው ቀደም ብለው በፈቃዳቸው ለተተኪ ቢያስረክቡ ይሻል ነበር ብዬ አስባለሁ። የ57 ዓመት አገልግሎትን በሁለት ዓመት ሽንፈት መመዘን ግን ሚዛኑን ማበላሸት ነው። ቍጥርስ ቢሆን መች ይጸናል? የሚኒሶታው ጆን ጋግሊያርዲ በ2003፣ የፔን ስቴቱ ጆ ፓተርኖ በ2011 በድል ብዛት አልፈዋቸዋል። ያን የማለዳ ደወል ሰምቶ ለተማረ ሰው ግን ይህ ምንም አያጐድልበትም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ቡድናችን ሲሸነፍ አሠልጣኙን ለመንቀፍ አንቸኵል። የተከበራችሁ መምህራንም፣ የቡድን አባል የሆነ ተማሪ በትምህርቱ ሲደክም አስቀድሞ የሚጠይቀው አሠልጣኙ ይሁን፤ ደብተሩን ያላሳየ ተጫዋችም በቅዳሜው ግጥሚያ አይሰለፍ። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ኳስ ሜዳ መዋሉን በሰማችሁ ጊዜ ከመቈጣታችሁ በፊት አሠልጣኙ ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። በማለዳ ቀስቅሶ ወደ ክፍል የሚሰድ ሰው ከሆነ፣ ልጃችሁ በደኅና እጅ ነው ያለው።