ተከራይ ያለበትን ቤት ስለ መግዛት

በወግዲና በመካነ ሰላም፣ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ባሉት በሌሎቹም ትንንሽ ከተሞች፣ በንግድ ወይም በዐረብ አገር ድካም ጥቂት ጥሪት ያፈራ ሰው፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች ያሉበትን ግቢ ገዝቶ በወርኃዊ ኪራይ ለመተዳደር ማሰቡ የተለመደ ሆኗል። በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ግን ከሩቅ ተመድቦ የመጣ መምህር፣ ከገጠር ቀበሌ ስንቁን ተሸክሞ ለትምህርት የገባ ተማሪ አስቀድሞ ይኖራልና፣ ገዢው ከግድግዳውና ከቆርቆሮው ጋራ ሻጩ ለእነዚህ ሰዎች የገባውን ቃል ጭምር ይረከባል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ገዢዎች ይህን አይቀበሉም። «ባዶውን አስረክበኝ» ይላሉ፤ ሻጩም ገንዘቡ እንዳያመልጠው ወደ ተከራዮቹ ዞሮ በሳምንት ውስጥ ልቀቁ ይላል። በደሉ የሚፈጸመው ካርታው ሳይዛወር፣ የውሉም ቀለም ሳይደርቅ ነው፤ ገዢውም እጁን ያላስገባበት ይመስለዋል።

ለዚህ ጠባይ አንዱ ምክንያት ታሪካችን ይመስለኛል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጎ፣ የግል አከራይነትን ከሥሩ ነቅሎ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩትን ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ፣ አስተዳደር ስለ ሰጠ፣ አንድ ሙሉ ትውልድ አከራይ ለተከራዩ ምን እንደሚገባው ከአባቱ ሳይማር አድጓል። የዛሬው አዲስ አከራይ ገንዘቡን ይዞ መጥቷል፤ ሥርዓቱን ግን የሚያወርሰው አላገኘም።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ኪራይን በሰፊው ደንግጓል። በቅርቡ የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዝዟል። ይህ አዋጅ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ስለሆነ፣ የእኛ ሰው አዋጁ በከተማው መጽናቱን ከማዘጋጃ ቤት ይጠይቅ፤ ባይጸናም እንኳ መንፈሱን ቢከተል ፍትሕን ይፈጽማል እንጂ የሚጎዳው የለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በቅድሚያ የተከፈለው ገንዘብ ነው። ተከራዩ የሦስት ወር ኪራይ ለሻጩ ከፍሎ ሳለ ቤቱ በመጀመሪያው ወር ቢሸጥ፣ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፤ አዲሱ ባለቤትም «እኔ አልተቀበልሁም» ብሎ ኪራዩን እንደገና ይጠይቃል፤ ምስክርም ደረሰኝም የሌለው ድኻ አንዱን ኪራይ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ሻጩን ይዞ በየክፍሉ ይግባና፣ ተከራዮቹን በስማቸው ጠርቶ፣ ስንት እንደሚከፍሉ፣ እስከ መቼ እንደ ከፈሉ፣ በአንዱ ቆጣሪ የሚመጣውን የመብራት ሒሳብ እንዴት እንደሚካፈሉ በሻጩ ፊት ይጠይቅ፤ የተገኘውንም በሽያጩ ውል ላይ ያስጽፍ፤ አስቀድሞ የተከፈለውንም ኪራይ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ። ደላላው ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን ቢለውም አይስማው።

ሕጉ እስከ ፈቀደ ድረስ ኪራይ መጨመር ወይም ክፍሉን ለራሱ መፈለግ የባለቤትነት መብት መሆኑን አልክድም፤ በብድር የገዛም ሰው ዕዳውን መክፈል አለበት። ነገር ግን በጥር ወይም በየካቲት ልቀቅ የተባለ ተማሪ፣ ክፍሎቹ ሁሉ በተያዙባት ትንሽ ከተማ ሌላ መጠለያ ማግኘት ስለሚቸግረው፣ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ትምህርት ሊያጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቤት የገዛ ሰው ውሉ ባያስገድደው እንኳ እስከ ሰኔ ፈተና ይታገሥ፤ ሐሳቡን ግን ዛሬውኑ ለተማሪው ወላጆች ይንገራቸው፤ እነርሱም ክረምቱን ሌላ ክፍል ይፈልጉለት ዘንድ።