ስንጥቅን ቀለም አያድነውም

ሰሞኑን ጭሮ አንድ ጋራዥ ቆሜ አየሁ። የተሰነጠቀ የአይሱዙ ሻንሲ በየዱት፣ ቀለም ቀቡትና «አዲስ ሆነ!» ብለው ሸኙት። አልሆነም ጎበዝ! ብየዳው ዳር ያለው ብረት በሙቀት ተጎድቷል፤ ቀጣዩ ስንጥቅ ከዚያው ሊነሳ ይችላል።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሽቦ ወዲያ ወዲህ ሲያጥፉት ይበጠሳል። ብረት ይደክማል። ከሂርና ጭሮ፣ ከጭሮ ሚኤሶ ትርፍ ጭኖ የሚመላለስ መኪናም እንደዚያው ነው።

በ1988 እ.ኤ.አ. የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሰማይ ላይ ጣሪያው ተገነጠለ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። አውሮፕላኑ ከ89,000 ጊዜ በላይ በርሯል፤ በየበረራው አካሉ በአየር ግፊት ይወጠራል፣ ይረግባል። አንዲት ተሳፋሪ ስትገባ ስንጥቅ አይታ ነበር። ለማንም አልተናገረችም!

የአውሮፕላን መሐንዲሶች «ስንጥቅ የለም» ብለው አይጀምሩም። «አለ» ብለው ይነሱና፣ በስንት በረራ አደገኛ እንደሚሆን አስልተው፣ ከዚያ ቀድመው ደጋግመው ይፈትሻሉ። እኛስ? በዓመት አንዴ ለቦሎ! ስንጥቅ የቀን መቁጠሪያ አያውቅም፤ የሚቆጥረው ጭነትና ጉድጓድ ነው።

«ደሃ ነን፣ የአውሮፕላን ፍተሻ ከየት እናምጣ?» ለምትሉኝ፦ ብሩሽና የእጅ ባትሪ ስንት ነው? ጭቃውን አጥቦ፣ ብየዳውንና የባሌስትራውን መያዣ በየሳምንቱ ማየት ምን ይከብዳል?

ባለንብረቶች፣ የተበየደ ሻንሲ ላይ ትርፍ አትጫኑ። ረዳቶች፣ ስንጥቅ ካያችሁ ዝም አትበሉ። ከአደጋ በኋላ «ፍሬን እምቢ አለው» ማለት ማንንም አይመልስም።