ወደ ስፔኑ የገደል ላይ መንገድ ለምትሄዱ ወገኖች ማሳሰቢያ

በስፔን ማላጋ አካባቢ ወደሚገኘው የገደል ላይ መንገድ፣ ወደ ካሚኒቶ ዴል ሬይ፣ በአስጎብኚ የቀን ጉዞ ለመሄድ ያሰባችሁ ሁሉ፣ በተለይም ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻችሁን ወይም ትንንሽ ልጆቻችሁን የምትወስዱ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። በሰሜን በአርዳሌስ በኩል ይገባል፣ በደቡብ ኤል ቾሮ ላይ ይወጣል። መሃል ደርሶ «ይቅርብኝ» ማለት ከባድ ነው።

ከአክስቴ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ። ጉዞውን ያዘጋጀልን ሰው «ቀላል ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም ይሄዱታል» ብሎን ነበር። ስለ እግር ጉዞው እውነቱን ነው። ጠቅላላው 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር የማይሞላው ነው ገደሉ ላይ የተሰቀለው መረማመጃ። ገደል ሲያይ የሚያዞረው ሰው እዚያ ላይ ምን እንደሚሆን ግን አልነገረንም። እኔም አክስቴን አልጠየቅኋትም። የደጋ ልጅ ናት፣ ገደል አይታ ነው ያደገችው ብዬ ዝም አልኩ።

የመጀመሪያውን ጠባብ ገደል በደህና አለፈችው። ቀጥሎ ጥድ የበዛበት ሰፊ ሸለቆ ይመጣል። ሰው እዚያ ሲደርስ ውሃ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ ያለቀ ይመስለዋል። እኛንም ያዘናጋን ይኸው ሸለቆ ነው። ከሱ በኋላ የጋይታኔስ ገደል ግራና ቀኝ ይጠጋና ጓዳሎርሴ ወንዝ ወደ ታች ይርቃል። መጨረሻው ላይ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ፤ ርዝመቱ 35 ሜትር ያህል፣ ከወንዙ ከፍታው ከ100 ሜትር በላይ ነው። ነፋስ ሲነካው ይንቀሳቀሳል።

አክስቴ ሦስት እርምጃ ገብታ ድርቅ አለች። በሁለት እጇ የብረት ገመዱን ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወገቧ ላይ ያሰረችው ነጠላ በነፋሱ ይርገበገባል። «እትዬ፣ ዓይንሽን ግለጪና እኔን ብቻ እዪኝ» እላታለሁ። «እግሬ እምቢ አለኝ፣ ልጄ» ትለኛለች። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። አስጎብኚዋ በእንግሊዝኛ ትመክራታለች፤ አክስቴ አንዱም አይገባትም። በመጨረሻ አስጎብኚዋ ራሷ ተመልሳ የአክስቴን እጅ ያዘችና የኋሊት እየተራመደች፣ እኔ ከኋላ ወገቧን ይዤ፣ አሻገርናት። አክስቴ አውቶብሱ ጋ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ በፊት ደግሞ በሩ ላይ አንድ የአገራችን ልጅ ከእናቱ ጋር ሲመለስ አይቻለሁ። ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይገባም። «ስምንት ሊሞላው ነው፣ ወር ነው የቀረው» ብትላቸውም አልሰሟትም፣ መስማትም አልነበረባቸውም። ልጃችሁ ስምንት ከሞላው ዕድሜውን የሚያሳይ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ዕድሜ በአፍ መቁጠር ለምደናል፣ እዚያ የሚያዩት ወረቀቱን ነው።

በሩ ላይ የሚሰጣችሁን ሄልሜት እስከ መውጫው አታውልቁ፤ ከላይ ድንጋይ ሊወርድ ይችላል። ለፎቶ ብላችሁ ለአፍታ እንኳ አታንሡት። የሚያንሸራትት ጫማ አታድርጉ። ሰኞ ዝግ ነው። ነፋስ ወይም ዝናብ ሲበረታ መንገዱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ለአዘጋጁ ከመክፈላችሁ በፊት «ከተዘጋ ገንዘቤ ይመለሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አንድ ነገር ለወጣቶቹ። ከአዲሱ መረማመጃ ሥር አሮጌው መንገድ ይታያችኋል፤ ሲሚንቶው የተቦደሰ፣ አንዳንድ ቦታ ብረቱ ብቻ የቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1905 ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሠራተኞች መመላለሻ የተሠራው እሱ ነው። ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ በ1921 እዚያው አካባቢ የተሠራ ግድብ ሊመርቁ ሲመጡ ስለሄዱበት ካሚኒቶ ዴል ሬይ፣ «የንጉሡ መንገድ»፣ የሚል ስም ወጣለት። ኋላ ተጎሳቁሎ በ1999 እና በ2000 ሰዎች ወድቀው ሞቱበትና ተዘጋ፤ አዲሱ የተከፈተው በመጋቢት 2015 ነው። በስልካችሁ የምታዩት፣ ሰዎች በተሰባበረ ሲሚንቶ ላይ የሚራመዱበት ቪዲዮ ያ አሮጌው ነው። ማንም ቢያደፋፍራችሁ አጥሩን ተሻግራችሁ አትርገጡት።

ስለ ትልልቆቹ ደግሞ እለምናችኋለሁ፦ አስጎብኚው የሚናገረው በስፓኒሽ ወይም በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ድልድይ እንዳለ፣ ድልድዩም እንደሚንቀሳቀስ፣ መመለሻ እንደሌለው ቤት ሳላችሁ በአማርኛ ንገሯቸው። ፎቶውን አሳዩአቸው። ከፎቅ ሰገነት ላይ ወደ ታች ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቋቸው። ልጅን ላለማስቀየም «ምንም አልሆንም» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ስለዚህ መልሳቸውን ብቻ ሳይሆን ፊታቸውንም እዩ። ቅር ካላቸው ኤል ቾሮ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ውሃው ዳር ተቀምጠው ይጠብቋችሁ፤ ከዚያ ቀና ሲሉ ድልድዩ ከሁለቱ ገደሎች መካከል ይታያቸዋል።