ሞክሼ ቁጥር አይኑር



ሰው ሞክሼ ቢኖረው ችግር የለም፤ በአባት ስም ይለያል። ቁጥር ግን ሞክሼ ካገኘ በምን ይለያል? በካምፕ የምንኖር ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ራሽኑም ሕክምናውም የፈተና ውጤቱም የሚጠራው በቁጥር ነው። ሁለት ልጆች አንድ ቁጥር ቢይዙ አንዱ የደከመበትን ሌላው ይወስደዋል።

«ሲ» የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምትማሩ ልጆች፣ ለተማሪዎች መለያ ቁጥር አውጡ ስትባሉ ብዙ ጊዜ «ራንድ» የሚለውን ትእዛዝ ጠርታችሁ ትጨርሳላችሁ። ቁጥሩ ተዘበራርቆ ሲወጣ የማይደገም ይመስላችኋል። በእኔ አስተያየት ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

ራንድ ማለት ዕጣ አውጥቶ ካነበበ በኋላ መልሶ ቆብ ውስጥ እንደሚጨምር ሰው ነው። ከ0 እስከ 9,999 ካሉት 10,000 ቁጥሮች በዚህ መንገድ ለ120 ተማሪዎች ብታድሉ፣ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ቁጥር የመያዛቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ተማሪዎቹ 300 ከሆኑማ ዕድሉ ከ100 ወደ 99 ይጠጋል። በዚህ ላይ «ኤስራንድ» በሚለው ትእዛዝ መነሻ ካልሰጣችሁት፣ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ያንኑ ሰልፍ ከመጀመሪያው ይደግማል።

መፍትሔውን ለመረዳት እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ከ0 እስከ 9 አሥር ቁጥሮች አሉን እንበል። ከ4 ተነሡና በየጊዜው 3 ደምሩ፤ ድምሩ 10 ከሞላ ወይም ካለፈ 10 ቀንሱ። 4፣ 7፣ 0፣ 3፣ 6፣ 9፣ 2፣ 5፣ 8፣ 1 ይመጣል። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ወጡ። በ3 ፈንታ 4 ብትደምሩ ግን 4፣ 8፣ 2፣ 6፣ 0 ብሎ ወደ 4 ይመለሳል፤ አምስቱ ቁጥሮች ሳይወጡ ይቀራሉ። ምሥጢሩ፣ የምትደምሩት ቁጥርና ጠቅላላው ብዛት ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ እንዳይኖራቸው ነው። ለ10,000 ቁጥሮች 3,717 ብትደምሩ ይሆናል።

«ታዲያ 1፣ 2፣ 3 እያሉ መቁጠር አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለመዝገብ ይሻላል። በፈተና ወረቀት ላይ ግን አራሚው ከቁጥሩ ተራ የልጁን ማንነት እንዳይገምት፣ ዘበራርቆ መስጠት ይጠቅማል።

ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ መጨረሻ የሰጣችሁትን ቁጥር በፋይል አስቀምጡ። ያለዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሮግራሙ እንደገና ከመነሻው ይጀምርና ሞክሼ ይወልዳል። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ዝብርቅርቅ ቢመስልም ምሥጢር አይደለም። ተከታታይ ሁለት ቁጥሮች ያየ ጎበዝ ሦስተኛውን አስልቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ለመለያ እንጂ ለይለፍ ቃል አትጠቀሙበት።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ፕሮግራም ሠራሁ ብሎ ሲያሳያችሁ ኮምፒዩተር አናውቅም ብላችሁ ዝም አትበሉ። «ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ቢደርሰውስ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ዕድል ነው» ካላችሁ ሥራው ገና አላለቀም።