ስም የለሽ እጅ የለም

የሕዝብ ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ኑሮ ይመነጫል የሚለውን አባባል ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ይሁንና የሥራውን ውጤት ከሠሪው ነጥሎ በመስተዋት ሣጥን የሚያኖር ሰው ሲገጥመን «የባህል ወዳጅ» ብለን እናጨበጭብለታለን። ይህ ጭብጨባ ሊመረመር ይገባዋል።

በሜክሲኮ ዋሃካ ግዛት ኦኮትላን ደ ሞሬሎስ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ኢሳውራ አልካንታራ ዲያስ የተባለች ሸክላ ሠሪ ለዕለት ጥቅም ከሚውለው ዕቃ ጎን ለጎን የሰው ምስል መቅረጽ ጀመረች። ልጆቿ ጊለርሚና፣ ሆሴፊና፣ ኢሬኔና ኮንሴፕሲዮን አጊላር ሙያዋን ወረሱ። የቀረጹት ንጉሥ ወይም ጄኔራል አይደለም፤ ቅርጫት በራሷ የተሸከመች ነጋዴ፣ ልጇን የምታጠባ እናት፣ ሠርገኛና ቀባሪ ጎረቤት ነው። ጭቃው በእጅ ይቀረጻል፣ በእሳት ይተኮሳል፣ በቀለም ይዋባል። ሆሴፊና የዓይኗን ብርሃን ካጣች በኋላ እንኳ በመዳሰስ ብቻ መቅረጿን አላቋረጠችም።

ሰብሳቢዎቹስ? አሌክሳንደር ጂራርድ የተባለው አሜሪካዊ የሕንጻና የጨርቅ ንድፍ ባለሙያ ከሜክሲኮና ከሌሎች አገሮች የሰበሰባቸውን ከ100,000 በላይ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ለሳንታ ፌ የዓለም አቀፍ የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም ሰጠ። ስጦታው ትልቅ ነው። ነገር ግን በ1982 ለሕዝብ በተከፈተው አዳራሽ ከዕቃዎቹ አጠገብ የጽሑፍ መግለጫ አልተለጠፈም። ዓይን በነጻነት ይደሰት ተባለ፤ ማወቅ የፈለገ መምሪያ መጽሐፍ ይግለጥ ተባለ። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ የፒካሶ ሥዕል ያለ ስም ይሰቀላልን? ለአንዱ ስም ክብር ሲሆን፣ ለሌላው ስለ ምን የዓይን እንቅፋት ይሆናል?

«ገዥ ባይኖር ሙያው ይጠፋ ነበር» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ የሰብሳቢ ገንዘብ የብዙ ቤት ምድጃ አንድዷል። ዳሩ ግን ገዥ ገንዘብ ብቻ አያመጣም፤ ምርጫውንም ይዞ ይመጣል። ገበያው የፍሪዳ ካሎን ምስል ሲሻ ሸክላ ሠሪዋ ፍሪዳን ትቀርጻለች። የገበያዋ ሴት በዝነኛዋ ሠዓሊ ስትተካ፣ ኑሮ ለሸቀጥ ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው።

ሜክሲኮ ራሷ ሌላ መንገድ አሳይታለች። በ1982 የተቋቋመው የሕዝብ ባህሎች ብሔራዊ ሙዚየም በመጀመሪያው ዐውደ ርእዩ ያቀረበው በቆሎን ነበር። ዕቃውን ከሚያበቅለው፣ ከሚፈጨውና ከሚመገበው ሕዝብ አልለየውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የቀረጿቸው ትናንሽ የሸክላ ምስሎች በመንገደኛ ሻንጣ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ከምስሉ ሥር «ከኢትዮጵያ» ብቻ ከተጻፈ የቀራጯ ስም የት ቀረ? በአገሯ በሙያዋ የተናቀች ሴት በባዕድ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ስሟን ተነፈገች።

ስለዚህ መምህሩም ሠዓሊውም የባህል ሠራተኛውም ሲሰበስብ ይጻፍ፦ ማን ሠራችው? በየትኛው መንደር? ምስሉ የሚያሳየው የትኛውን ሥራ ነው? ምን ያህልስ ተከፈላት? ይህን የማይመልስ መደርደሪያ ምንም ያህል ቢያምር ስብስብ አይባልም፤ ምርኮ ነው።