ግራንት የሚታጣው ኤፕሪል ላይ ነው

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ባለችው አጭር መንገድ ቡና በፈላ ቁጥር የግራንት ወሬ አይጠፋም። እገሌ ከካውንቲው ተሰጠው፤ እገሊት ደጋግማ አመልክታ አንዴም አልደረሳት፤ እነሱ የሚያውቁትን ነው የሚጠሩት። ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አድልዎ ላይ ነው። አድልዎ የለም ብዬ አልከራከርም። እኔ እንደማየው ግን የሰፈራችን ነጋዴ ግራንቱን የሚያጣው ማመልከቻው ገና ሳይወጣ፣ ኤፕሪል ላይ ታክስ ሲያሠራ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናጥራ። የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር፣ ኤስቢኤ የምንለው፣ በደህናው ጊዜ ሱቅ ለመክፈትም ሆነ ለማስፋፋት ግራንት አይሰጥም፤ ሥራው በአብዛኛው ለባንክ ብድር ዋስ መሆን ነው። ስለዚህ «የፌዴራል ግራንት ወጥቶልሃል፣ ማስፈጸሚያ ላክ» ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው፤ ስልኩን ዝጉት። ለማደጊያ የሚሆን ግራንት የሚገኘው ከከተማ፣ ከካውንቲ፣ ከክፍለ ግዛት፣ ከፋውንዴሽኖችና ከማኅበራት ነው። ለምሳሌ ኔዝ የሚባለው የግል ሥራ ባለቤቶች ብሔራዊ ማኅበር ለአባላቱ እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል። ትንሽ ናት፤ ለአንዲት ምግብ ቤት ማቀዝቀዣ ግን ትበቃለች።

አሁን ወደ ኤፕሪል። በወረርሽኙ ጊዜ ፒፒፒ የተባለው፣ ሠርተህበት ካሳየህ ዕዳው የሚሰረዝልህ ብድር መጣ። ሠራተኛ ለሌለው የግል ነጋዴ ስሌቱ የተመሠረተው በታክሱ ስኬጁል ሲ ላይ በሚታየው የተጣራ ትርፍ ነበር፤ ለ12 ተካፍሎ በሁለት ተኩል ይባዛል። 120,000 ዶላር አስገብቶ፣ ወጪውን ሁሉ ቀንሶ 18,000 ትርፍ ያሳየ ሰው የሚደርሰው 3,750 ዶላር ብቻ ነበር። በማርች 2021 ኤስቢኤ ደንቡን ለወጠና በጠቅላላ ገቢ ማስላት ተፈቀደ፤ ጣሪያው 100,000 ዶላር ነበር። ያው ሰው፣ ያው ሱቅ፣ ያው ታክስ፣ 20,833 ዶላር! ቀድመው ተሰልፈው ብድሩን የወሰዱት ግን ተመልሰው ማስተካከል አልተፈቀደላቸውም። በዚህ ላይ የተበሳጨ ሰው ብስጭቱ ይገባኛል፤ ጥፋቱ የደንቡ እንጂ የሱ አልነበረም። የሥራ ወጪን ከታክስ መቀነስ ሕጋዊ መብት ነው።

መዝገብ ያልነካው ካሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የካሊፎርኒያ የወረርሽኝ ግራንት ከ5,000 እስከ 25,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው ታክስ ላይ በተጻፈው ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢ ነው። እስከ 100,000 ያስገባ 5,000፣ ከዚያ በላይ እስከ ሚሊዮን ያስገባ 15,000፣ ከሚሊዮን በላይ እስከ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያስገባ 25,000 ያገኝ ነበር። ማታ ከመሳቢያ ወጥቶ በኪስ ወደ ቤት የሄደው ብር አንድን ሱቅ ከሁለተኛው ረድፍ ወደ መጀመሪያው ሊያወርደው ይችላል። ለምግብ ቤቶች የተመደበው የ28.6 ቢሊዮን ዶላር የፌዴራል ፈንድ ደግሞ የባሰ ነበር። እሱ የሚተካው በ2019 እና በ2020 ገቢ መካከል ያለውን ልዩነት ነበር፤ በ2019 ያላስመዘገብከውን በ2020 አጣሁት ማለት አትችልም። ከ278,000 በላይ ሰው አመልክቶ የደረሰው ለ100,000 ያህል ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ወረቀት የሌለው ሰው ወረፋው ላይ መቆሙም ትርፉ ድካም ነበር።

ይህን ስል የሚከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የዚህ ጎዳና ብዙ ንግድ የቆመው በእቁብ ነው፤ ባንክ ፊቱን ባዞረበት ጊዜ የኪራይ መያዣውንም፣ የማዕድ ቤቱን ዕቃም ያወጣው እቁብ ነው። እቁብ ላይ ዳኛው ያውቅሃል፣ ጸሐፊው ያውቅሃል፣ ዋስህ ካንተ ጋር አንድ ደጅ ነው የሚሳለመው። የግራንት ገምጋሚ ግን ሳክራሜንቶ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ሽሮህን ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነው። አንተን የሚያውቅህ በታክስህ፣ በባንክ መግለጫህ፣ በከተማው የንግድ ምዝገባህና በኪራይ ውልህ ነው።

ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ደግሞ ጽሑፉ ላይ ይወድቃል። ቅጹ «ገንዘቡን ለምን ታውለዋለህ?» ይላል። የኛ ሰው በትሕትና ተኮትኩቶ ያደገ ነውና «ሥራዬን ለማሳደግ» ብሎ ይዘጋዋል። ገምጋሚው የሚፈልገው በሳምንት ስንት እንጀራ እንደምትጋግሪ፣ ስንት ግሮሰሪ እንደምታስረክቢ፣ ምጣድ አንሶሽ የመለስሽው ትእዛዝ ስንት እንደሆነ፣ ሁለት ምጣድ ቢጨመር ገቢሽ በምን ያህል እንደሚያድግ፣ ማን እንደምትቀጥሪ ነው። ይህን ሁሉ እያንዳንዷ እንጀራ ጋጋሪ በቃሏ ታውቀዋለች! ጠይቋት፣ ሳትተነፍስ ትነግራችኋለች። ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ጉራ ይመስላታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ሕጉ በግልጽ ነፃ ካላደረገው በስተቀር ግራንት ታክስ ይከፈልበታል። 10,000 ደርሶት 10,000 የሚያወጣ ሰው በሚቀጥለው ኤፕሪል ሊደነግጥ ይችላል።

በ2002 የከተማው ምክር ቤት ይህን ሰፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ነጋዴዎቹና ወዳጆቻቸው ተባብረው ስለጠየቁ ነው። ያኔ ለስሙ የተባበረ ሰው ዛሬ ግራንት ሲወጣ እያንዳንዱ በየሱቁ፣ ሌሊት፣ በስልኩ ብቻውን ይሞላል። አሥር ሱቆች አንድ ጸሐፊ ቢቀጥሩ ምን ይከለክላቸዋል? የየሱቁን የሁለት ዓመት ታክስ፣ የጤና ፈቃድና ምዝገባ በአንድ ፋይል የምትይዝ፣ ቀነ ገደብ የምትከታተል፣ ከተማው ባቋቋማቸው ቢዝነስ ሶርስ ሴንተሮች በነፃ የሚሰጠውን ምክር ሄዳ የምታመጣ። አካውንቲንግ የተማሩ ልጆች በየቤታችን ሞልተዋል። ይከፈላቸው ግን፤ ከየሱቁ በወር 50 ዶላር ቢዋጣ ይበቃል። በበጎ ፈቃድ ከተባለ ሥራው ከሁለተኛው ወር አያልፍም፤ ስንት ኮሚቴ እንዲያ ሲቀር አይተናል።